ዝንቧ ያልታሰረች ትምሰል፦ ፍላይ ፊሺንግ ለጀማሪዎችና ከጋይድ ጋር ወንዝ ለሚወርዱ

በተለመደው ዓሣ ማጥመድ የሚወረወረው ክብደት ያለው ነገር ነው። እርሳሱ ወይም ማባበያው ይሄዳል፣ ቀጭኑ ክር ተጎትቶ ይከተላል። ፍላይ ፊሺንግ ይህን ይገለብጠዋል። መንጠቆዋ ላይ የታሰረችው ሰው ሠራሽ ዝንብ ላባ፣ ጸጉርና ክር ብቻ ስለሆነች ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ ብቻዋን ቢወረውሯት እግርዎ ሥር ትወድቃለች። ስለዚህ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፤ ዝንቧ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ትሄዳለች። ዘንጉ ለምን ረዥምና ተለማጭ እንደሆነ፣ ክሩ ለምን እንደወፈረ፣ ወርዋሪው ለምን መሐል ላይ ቆም ብሎ መጠበቅ እንዳለበት፣ ሁሉም ከዚህ ይመነጫል።

ጀማሪው በብዛት የሚሳሳተው ግን ሩቅ መወርወርን ጥበብ አድርጎ ሲወስድ ነው። ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ከ6 እስከ 12 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ዓሣው ቀኑን ሙሉ ምግቡ በውኃው ፍጥነት ወደ እርሱ ሲመጣ ያያል። ከውኃው የፈጠነች፣ የዘገየች፣ ወይም ከኋላዋ ጭረት እየተወች ፈሰሱን የምታቋርጥ ዝንብ ካየ ይተዋታል። ክሩ ዝንቧን እንዲህ ሲጎትታት ድራግ ይባላል። ዝንቧ የምትታሰርበት ቀጭን ክር፣ የቲፔቱ፣ ውፍረት፣ የሚቆሙበት ቦታ፣ የጋይዱ (የወንዝ መሪው) ቀዘፋ ሳይቀር ድራግን ለማስቀረት የሚደረግ ነው። 8 ሜትር ላይ ያለ ድራግ የምትፈስ ዝንብ 20 ሜትር ላይ ከምትጎተት ዝንብ እጅግ ትበልጣለች።

ዘንግ፣ ክርና ቋጠሮ

ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ 9 ጫማ (2.7 ሜትር ገደማ) ቁጥር 5 ዘንግ ይያዙ። ቁጥሩ የራሱ የዘንጉ ክብደት ሳይሆን ዘንጉ የሚሸከመው ክር ክብደት ነው። የክር ቁጥር የሚወጣው የመጀመሪያው 30 ጫማ (9.1 ሜትር) ተመዝኖ ሲሆን፣ ቁጥር 5 ክር በዚህ ርዝመት 9 ግራም ያህል ይመዝናል። ቁጥር 3 ለጠባብ ጅረት፣ 6 እና 7 ነፋስ ለሚበዛበት ሰፊ ወንዝና ለከባድ ዝንብ፣ 8 ደግሞ ለሳልመንና ለመሰል ትልልቅ ዓሦች ይሆናል። የዘንጉና የክሩ ቁጥር መግጠም አለበት፤ ክሩ ከቀለለ ዘንጉ አይታጠፍም፣ ካልታጠፈ ደግሞ የሚወረውርበት ኃይል አያገኝም። በጣም ግትር የሆነ ዘንግ ለጀማሪ አይመከርም፤ መካከለኛ ልስላሴ ያለው ሲታጠፍ እጅ ላይ ስለሚሰማ የመጠበቂያውን ጊዜ ራሱ ያስተምራል።

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ክሩ ላይ ይውጣ። ሪሉ፣ ማለትም ማጠንጠኛው፣ ለትራውት ሥራ ከክር ማስቀመጫነት ብዙም አያልፍም፤ ለስላሳ ፍሬን ካለው ይበቃል። ክሩ ግን የሚወረወረው ዕቃ ራሱ ነው። ተንሳፋፊና ፊቱ የከበደ ዓይነት ይምረጡ፤ ካርቶኑ ላይ ደብሊውኤፍ-5-ኤፍ የሚለው ይህንኑ ነው፣ ፊቱ የከበደ፣ ቁጥር 5፣ የሚንሳፈፍ። ከክሩ በስተኋላ ከ50 እስከ 100 ሜትር የሚሆን ባኪንግ የሚባል ጠንካራ ቀጭን ሲባጎ ሪሉ ላይ ይጠመጠማል። ትልቅ ዓሣ ክሩን ሁሉ ይዞ ሲሮጥ የሚያድነው እርሱ ነው፤ የሪሉን እምብርት በማወፈርም ክሩ በጠባቡ ተጠምጥሞ እንደ ስፕሪንግ ሽቦ እንዳይጠቀለል ያደርጋል።

በወፍራሙ ክርና በዝንቧ መካከል ሊደር ይገባል፦ ሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ባለ 9 ጫማ ናይለን። የሚቀጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የውርወራው ኃይል ቀስ በቀስ እየረገበ እንዲያልፍና ዝንቧ እንደ ጠጠር ሳይሆን እንደ ላባ እንድታርፍ ነው። የሊደሩ ጫፍ ዝንብ በተቀየረ ቁጥር ስለሚያጥር 50 ወይም 60 ሴንቲሜትር የሚሆን ቲፔት ይቀጠልለታል። የቲፔት ውፍረት በኤክስ ይለካል። ዜሮ ኤክስ 0.28 ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ በአንድ በጨመረ ቁጥር ውፍረቱ በ0.025 ሚሊሜትር ይቀንሳል። ስለዚህ 4 ኤክስ 0.18፣ 5 ኤክስ 0.15 ገደማ ይሆናል። ለመምረጥ የመንጠቆውን ቁጥር ለ3 ያካፍሉ፦ ቁጥር 12 መንጠቆ ለ4 ኤክስ፣ ቁጥር 16 ለ5 ኤክስ። የመንጠቆ ቁጥር ሲያድግ መንጠቆው እንደሚያንስ አይርሱ። ትልቅ ዝንብ በቀጭን ቲፔት ላይ ሲወረወር እየተሽከረከረ ቲፔቱን ይጠመዝዘዋል፤ ትንሽ ዝንብ በወፍራም ቲፔት ላይ ደግሞ ግትር ሽቦ ላይ እንደታሰረች ሆና ፈሰሱን መከተል ያቅታታል።

ቋጠሮ ሁለት ብቻ በደንብ ከተቻለ ቀኑን ያደርሳል። ዝንቧን ለማሰር ክሊንች የሚባለውን ይልመዱ። የቲፔቱን ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ያህል በመንጠቆዋ ቀዳዳ ያሳልፉ፤ በዋናው ክር ዙሪያ 5 ጊዜ ይጠምጥሙት፤ ጫፉን ቀዳዳዋ አጠገብ በቀረችው ትንሽ ቀለበት ያስገቡ፤ ይህ ሲደረግ አዲስ ትልቅ ቀለበት ስለሚፈጠር በእርሱም መልሰው ያሳልፉት። አሁን በምራቅ ያርጥቡትና ቀስ ብለው ይሳቡ። ማርጠቡ ትርፍ ሥራ አይደለም፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ሙቀት ይጎዳል፣ ዓሣ ሲይዝም መጀመሪያ የሚሄደው እዚያው ላይ ነው። ትርፉን 2 ሚሊሜትር አስቀርተው ይቁረጡ። ቲፔትን ከሊደር ለመቀጠል ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን 15 ሴንቲሜትር ያደራርቡ፤ ሁለቱንም እንደ አንድ ክር ቆጥረው አንድ ቀለበት ይሥሩ፤ ጫፎቹን አብረው 2 ጊዜ በቀለበቱ ያሳልፉ፤ ያርጥቡ፤ አራቱንም ጫፎች እኩል ይሳቡ።

ክር ሲበጠስ ጫፉን ይመልከቱ። እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሎ ከቀረ ቋጠሮው ተንሸራቷል፤ ስህተቱ የአሳሰር ነው። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክሩ አቅሙ አልቋል ወይም ድንጋይ ልጦታል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ክር በጣቶችዎ መሐል አሳልፈው ሻካራ ቦታ ካገኙ ይጣሉት።

ከዚህ ሌላ ጥፍር መቁረጫ፣ ጫፈ ቀጭን መቆንጠጫ፣ ዝንብን የሚያንሳፍፍ ቅባት፣ ባለ ጥላ ኮፍያና ፖላራይዝድ መነጽር ያስፈልጋል። መነጽሩን እንደ ጌጥ አይቁጠሩት። የውኃውን ነጸብራቅ ገፍፎ ከሥር ያለውን ያሳያል፤ ከዚያም በላይ ወደ ፊት የሚበር መንጠቆ ዓይን እንዳያገኝ ይጋርዳል። መነጽር ያላደረገ ሰው፣ ተመልካችም ቢሆን፣ ወርዋሪ አጠገብ አይቁም።

ውርወራ፦ መጀመሪያ ሣር ላይ

ወንዝ ዳር ውርወራ መማር ሁለት ነገር በአንዴ መማር ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድመው ሣር ላይ በቀን 15 ደቂቃ ይለማመዱ፤ በአንድ ቀን ከሚደረግ የ3 ሰዓት ልምምድ ይሻላል፣ ምክንያቱም ክንድ ሲደክም ስህተትን ይለምዳል። በዝንቧ ቦታ ደማቅ ቀለም ያለው የሱፍ ክር ቁራጭ ይሰሩ። ከዘንጉ ጫፍ 8 ወይም 9 ሜትር ክር አውጥተው ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ያንጥፉ።

እጀታውን ሲይዙ አውራ ጣት ከላይ፣ ሪሉ ከታች ይሁን። ከጎንዎ ትልቅ የሰዓት ፊት ቆሟል ብለው ያስቡ፤ 12 ቁጥር ከራስዎ በላይ፣ 9 ቁጥር ፊት ለፊትዎ ናቸው። የዘንጉን ጫፍ ወደ መሬት አድርገው ይጀምሩ። ክሩ ላይ ምንም ልል ነገር አይኑር፤ ልል ክር ካለ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ የሚያልቀው እርሱን በመሰብሰብ ነው። ዘንጉን ቀስ ብለው ያንሱ፣ ፍጥነት እየጨመሩ ይምጡ፣ 1 ቁጥር ላይ ሲደርስ በድንገት ያቁሙት። ክሩን የሚወረውረው ይህ ማቆም ነው፤ የታጠፈው ዘንግ ቀጥ ሲል ክሩን ወደ ኋላ ይልከዋል። ከዚያ ይጠብቁ። ክሩ ከኋላዎ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ ክንድዎ አይንቀሳቀስ። ክሩ ሲረዝም መጠበቂያውም ይረዝማል፤ መጀመሪያ ላይ አንገትዎን አዙረው ይመልከቱ፣ ማንም አይከለክልዎትም። ሲዘረጋ በዚያው አኳኋን ፍጥነት እየጨመሩ ወደፊት አምጥተው 10 ቁጥር ላይ በድንገት ያቁሙ። ክሩ አየር ላይ ተዘርግቶ መውረድ ሲጀምር ዘንጉን አብረው ዝቅ ያድርጉ።

ከኋላዎ የጅራፍ ጩኸት ከሰሙ ቸኩለዋል። ክሩ ሳይዘረጋ ወደፊት ተመልሷል ማለት ነው፤ ጅራፍ የሚጮኸው በዚሁ ምክንያት ነው፣ እዚህ ግን ጩኸቱ ዝንቧን በጥሶ ይወስዳታል። ክሩ ከኋላ ሣሩን የሚመታ ከሆነ የእጅ አንጓዎ ወደ ኋላ ታጥፎ ዘንጉ እስከ 3 ቁጥር ወርዷል። የእጀታውን ጭራ እጅጌዎ ውስጥ ሻጥ አድርገው ቢለማመዱ አንጓው መታጠፍ ያቅተዋል፣ ክንድ ሥራውን ይረከባል። ሊደሩ ላይ ማንም ያልቋጠረው ቋጠሮ እየተገኘ ካስቸገረ ደግሞ ኃይሉን መጀመሪያው ላይ አፍስሰዋል፤ የዘንጉ ጫፍ በድንገት ይጎብጣል፣ ክሩ ራሱን ያቋርጣል፣ ዝንቧ በገዛ ክሯ ውስጥ ታልፋለች። ነፋስ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው፣ ነፋስ ግን እምብዛም ጥፋት የለበትም። በዝግታ መጀመርና ፍጥነቱን ለመጨረሻው ማስቀረት ያስተካክለዋል። ክሩ ፊት ለፊት ተከምሮ የሚወድቅ ከሆነ አላቆሙም፣ ወይም እስከ 8 ቁጥር ድረስ ገፍተው ነው ያቆሙት።

አየር ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚደረገው ማመላለስ ከ2 ወይም ከ3 አይብለጥ። ውብ ነው፣ ግን ዝንብ አየር ላይ ዓሣ አይዝም፣ የክሩ ጥላም ዓሣውን ያስበረግጋል።

ዛፍ ከኋላ ሲኖር ሮል ካስት ያድናል። ክሩን በውኃው ላይ ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ዘንጉ 1 ቁጥር ላይ ሲደርስ ያቁሙና ክሩ ከትከሻዎ ኋላ እንደ ቀስት ጎብጦ እስኪንጠለጠል ይጠብቁ፣ ጫፉ ግን ውኃው ላይ ይቅር። ከዚያ ወደፊት መትተው 10 ቁጥር ላይ ያቁሙ። ይህን ሣር ላይ መለማመድ አይቻልም፤ ዘንጉ የሚታጠፈው ውኃው ክሩን ይዞ ስለሚያስቀርለት ነው።

ውኃውን ማንበብ

ትራውት ፊቱን ወደ ፈሰሱ ሽቅብ አዙሮ ይቆማል። የሚፈልገው ምግብ የሚያመጣ ፈጣን ውኃ አጠገብ ሆኖ፣ ራሱ ግን ጉልበት የማይጨርስበት ዝግ ያለ ውኃ ውስጥ መቆም ነው። ስለዚህ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ የሚገናኙበትን መስመር ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አረፋ ተሰልፎ ሲሄድ ያዩታል። አረፋው የሚሄድበት መንገድ ምግቡም የሚሄድበት ነው። ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ያለውን አዙሪት ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ከድንጋዩ ፊት ውኃው ተገፍቶ የሚረግብባትን ትንሽ ቦታ ግን ብዙዎች ያልፏታል፣ እዚያም ጥሩ ዓሣ ይቆማል። ውኃው ሥሩን የቦረቦረው ዳርቻ፣ የወደቀ ዛፍ ሥር፣ ጠጠር ላይ እየተንኮሻኮሸ የሚወርደው ውኃ ወደ ጥልቁ የሚገባበት አፍ ጥሩ ቦታዎች ናቸው። በሞቃት ቀን የሚንኮሻኮሸው ውኃ አየር ስለሚቀላቀልበት ዓሣው ወደዚያ ይወጣል።

ቴርሞሜትር ይያዙ። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ትራውት በደንብ ይበላል። ውኃው 20 ዲግሪ ካለፈ ማጥመድ ያቁሙ፤ የሞቀ ውኃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ታግሎ የደከመ ዓሣ ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል።

ዓሣው ከውኃ በላይ ያለውን የሚያየው ከራሱ በላይ በተከፈተ ክብ መስኮት ነው። ብርሃን ውኃ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ዝቅ ብሎ የቆመ ሰው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጨምቆ እምብዛም አይታይም፤ ከፍ ካለ ዳርቻ ላይ የቆመ ግን ጎልቶ ይታያል። ከዓሣው ወደ ታችኛው ፈሰስ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጥላዎን ወደ ኋላ ጥለው ይቅረቡ። እግር ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ ዳሩን ይሞክሩ፤ ጀማሪ የሚቆምበት ቦታ ብዙ ጊዜ ዓሣው የነበረበት ነው።

የትኛዋን ዝንብ?

ውኃ ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጠው ሥሩን ይመልከቱ፤ መልሱ እዚያ ላይ ይራመዳል። ሜይፍላይ ስታርፍ ክንፏን እንደ ሸራ ቀጥ አድርጋ ታቆማለች፣ ከኋላዋ 2 ወይም 3 ቀጫጭን ጅራቶች አሏት። ካዲስ ክንፉን እንደ ቤት ክዳን አጋድሞ ያጥፋል፣ ጅራት የለውም፤ ከእጮቹ ብዙዎቹ ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ስቶንፍላይ ክንፉን ጀርባው ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ ያስተኛል፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል። ሲመርጡ መጀመሪያ መጠኗን፣ ቀጥሎ ቅርጿን፣ በመጨረሻ ቀለሟን ያመሳስሉ። ጀማሪ በቀለም ይጀምራል፤ ዓሣው ግን ከሁሉ በፊት ከመጠን በላይ የሆነችውን ዝንብ ነው የሚተወው።

ዓሣ ብቅ ሲል ምኑ እንደታየ ያስተውሉ። አፍንጫው ከታየ ላይ የተንሳፈፈች ነፍሳት ወስዷል፣ ድራይ ፍላይ፣ ማለትም ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ዝንብ፣ ይሰሩ። ጀርባና ጅራቱ ብቻ ከታየ የሚበላው ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ክንፍ ለማውጣት የምትታገለውን ነው፤ ላይ የምትንሳፈፍ ዝንብ ደጋግመው ቢጥሉለትም አይነካትም።

ለድራይ ፍላይ ከዓሣው በታችና ትንሽ ወደ ጎን ይቁሙ። ዝንቧን ጭንቅላቱ ላይ ሳይሆን ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ወደ ፈሰሱ ሽቅብ ይጣሏት። ክሩ ወደ እርስዎ ሲመለስ በውኃው ፍጥነት ልክ በግራ እጅ ይሰብስቡ፤ ከዘገዩ ልሉ ይበዛና ሲነክስ አይደርሱበትም፣ ከፈጠኑ ዝንቧን ይጎትቷታል። ከእርስዎና ከዝንቧ መካከል ያለው ውኃ ከፈጠነ ክሩ ሆዱን ወደ ታች ነፍቶ ዝንቧን ይጎትታታል። ይህ ከመሆኑ በፊት፣ ክሩ እንዳረፈ ወዲያው፣ በዘንጉ ጫፍ ሆዱን አንሥተው ወደ ፈሰሱ ሽቅብ ያዙሩት። ሜንድ ማለት ይህ ነው። መካከሉ ያለው ውኃ ከዘገየ ደግሞ ወደ ታች ያዙሩት። ድራግ ከታየ በኋላ የሚደረግ ሜንድ ዘግይቷል፤ ዓሣው አይቷል። ሲነክስ ደግሞ አይንጠቁ፤ አፉን ዘግቶ ሲወርድ ዘንጉን ረጋ ብለው ቀና ያድርጉ።

ትራውት ከሚበላው አብዛኛው ከውኃው ገጽ በታች ስለሆነ፣ ምንም ዓሣ ብቅ ሳይል ሲውል ኒምፍ ይሰሩ፤ ይህ የኩብኩባና የእጭ ምስል ነው። ሊደሩ ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት ያድርጉ፣ ከዝንቧ ያለው ርቀት የውኃው ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ውኃው 1 ሜትር ከሆነ ምልክቱ 1.5 ሜትር ላይ ይቀመጣል። ከዝንቧ 15 ወይም 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ክብደት ይጭመቁ። በ10 ውርወራ አንድ ጊዜ እንኳ መሬት ካልነካች ክብደት ይጨምሩ፤ በየውርወራው ከተያዘች ይቀንሱ። የወንዝ ሥር ከገጹ ስለሚዘገይ ምልክቱ አጠገቡ ካለው አረፋ ትንሽ ቀርፈፍ ብሎ ሲሄድ ልክ ገብቷል፤ ከአረፋው እኩል የሚሮጥ ከሆነ ዝንቧ ገና አልወረደችም። ምልክቱ ቆም፣ ሰመጥ፣ ዘንበል ካለ ዘንጉን ያንሱ። ድንጋይ ነው ብለው ያሰቡት ብዙ ጊዜ ድንጋይ አይደለም።

ስትሪመር የትንሽ ዓሣ ምስል ነው፤ ድራግ ጠላት የማይሆንበት ዓይነት ነው። 2 ኤክስ ወይም 3 ኤክስ ቲፔት ያድርጉ፣ ወደ ማዶ ወርውረው በእጅ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር እየቆራረጡ ይሳቡ። ሲነክስ ዘንጉን ሳያነሡ ክሩን በእጅ ይሳቡ፤ ዘንጉ ከተነሣ ዝንቧ ከአፉ ትወጣለች።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ

መሮጥ ሲፈልግ ይሩጥ፤ ክሩን ጨብጦ መያዝ ቲፔትን መበጠስ ነው። ሲዘል ዘንጉን ወደ እርሱ ዝቅ ያድርጉለት። ሲያርፍ ዘንጉን ወደ ጎን አጋድመው ይሳቡት፤ ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ሚዛኑን ስለሚያሳጣው ቶሎ ይደክማል። ቶሎ ማምጣት ለዓሣው ደግነት ነው፤ ረዥም ትግል ይገድለዋል።

ከመንጠቆዋ ጫፍ ዝቅ ብላ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ አስቀድመው በመቆንጠጫ ጨፍልቀው ያስተኟት። ዓሣው ላይ የምታደርሰው ጉዳት ይቀንሳል፣ የራስዎ ጣት ላይ ብትሰካም በቀላሉ ትወጣለች። መረቡ የጎማ ይሁን። ዓሣውን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን ልጋግ ይገፍፈዋል። መንጠቆዋን ውኃው ውስጥ እንዳለ ያውጡ፤ ፎቶ ከፈለጉ ካሜራው ተዘጋጅቶ ሳለ ብቻ ያንሱት፣ ከ10 ሰከንድ አይለፍ። መንጠቆዋን በጥልቅ ከዋጣት ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጠው ይተዉለት። ሲለቁት ፊቱን ወደ ፈሰሱ አዙረው ለስላሳ ውኃ ውስጥ ይያዙት፤ ወደፊትና ወደኋላ አያመላልሱት፤ ብርታት ሲያገኝ ራሱ ይሄዳል።

ውኃ ውስጥ መሄድ

ዌደር የሚባለው ውኃ የማያስገባ ሱሪ ያለ ወገብ ቀበቶ አይለበስ፤ ቀበቶው ሲወድቁ ውኃ ሞልቶ እንዳይገባ ያደርጋል። ጎንዎን ለፈሰሱ ሰጥተው፣ እግር ሳያጣምሩ፣ አንዱ ተረግጦ ሳይጸና ሌላውን ሳያነሡ ይሂዱ። በፈሰሱ ሽቅብ ጎን ዱላ ይደገፉ። ፈጣን ውኃ ከጭን በላይ ከደረሰ ይመለሱ። ከወደቁ ጀርባዎ ላይ ተኝተው እግርዎን ወደ ታችኛው ፈሰስ ያድርጉ፣ ፈጣን ውኃ ውስጥ ለመቆም አይሞክሩ፤ እግር በድንጋዮች መካከል ከተያዘ ፈሰሱ ሰውነትን ያጎብጣል። ዘንጉ ይሂድ። ከግድብ በታች ያለ ወንዝ ዝናብ ሳይዘንብም ሊሞላ ስለሚችል የውኃ መልቀቂያውን ሰዓት ይጠይቁ፤ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ውኃው ከደፈረሰ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወዲያው ይውጡ። በመራቢያ ወቅት ጠጠሩ መሐል ንጹሕና ነጣ ያለ ጎድጓዳ ቦታ ካዩ አይርገጡት፤ የዓሣ እንቁላል የተቀበረበት ነው።

ከጋይድ ጋር መውጣት

ሁለት ዓይነት ጉዞ አለ። በእግር የሚደረገው ውኃ እየረገጡ ከቦታ ቦታ መሄድ ነው፤ በጀልባ የሚደረገው ጋይዱ እየቀዘፈ ሁለት አጥማጆችን፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ ይዞ ቁልቁል መውረድ ነው። ግማሽ ቀን ሲባል 4 ሰዓት ገደማ፣ ሙሉ ቀን 8 ሰዓት ገደማ ነው። ዓሣ መያዝ የሚሻ ጀማሪ ጀልባ ይምረጥ፤ ጀልባው ከፈሰሱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ዝንቧ ለረዥም ጊዜ ያለ ድራግ ትፈሳለች፣ የውርወራ ጉድለትን ጋይዱ በቀዘፋው ይሸፍነዋል። መማር የሚሻ ግን በእግር ይውጣ። ያበላሸውን ቦታ እንደገና የሚሞክርበት ጊዜ አለው፣ በጀልባ ግን ቦታው አልፎ ሄዷል። ክንዱ ላልለመደ ሰው 8 ሰዓት ብዙ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ቦታ ከመያዝዎ በፊት ይጠይቁ። ለአንድ ጋይድ ስንት ሰው ነው? ከሁለት በላይ ከሆነ አንዱ ቆሞ ይውላል። ዘንግ፣ ዌደር፣ ዝንብ፣ የሕይወት ጃኬትና ምግብ ይካተታሉ ወይ? ፈቃዱን ማን ያወጣል? ወንዙ ቢሞላ ወይም ቢደፈርስ ገንዘቡ ምን ይሆናል? ጀልባው ከሚደርስበት ቦታ ወደ መነሻው የሚመልሰው ማን ነው? ጋይዱ ፈቃድና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና አለው? በምላሹ የራስዎን ነገር በግልጽ ይንገሩት፦ ስንት ጊዜ አጥምደው እንደሚያውቁ፣ ዋና እንደሚችሉ ወይም እንደማይችሉ፣ የጉልበት ወይም የትከሻ ሕመም ካለ። ችሎታን አጋኖ መናገር ቀኑን ያበላሻል፤ ጋይዱ ወንዙን የሚመርጠው ከእርስዎ በሰማው ቃል ነውና።

ጀልባ ላይ ጋይዱ አቅጣጫ የሚጠቁመው በሰዓት ፊት ነው፤ የጀልባው አፍንጫ 12 ይሆናል። 2 ቁጥር ላይ፣ 8 ሜትር ካለዎት ወደ ቀኝ አፍንጫው አካባቢ ነው። ከፊት ያለው ሰው በ45 ዲግሪ ወደ ታችኛው ፈሰስ ይወርውር፤ ከኋላ ያለው ደግሞ የፊተኛውን ክር ሳያቋርጥ ከእርሱ በስተኋላ ይጣል፣ ፊተኛው ሲወረውርም ይጠብቅ። ሁለት ሰው በአንዴ ከወረወረ ክሮቹ ይጠላለፋሉ፣ መንጠቆም የሰው ጆሮ ያገኛል። ሳይናገሩ አይነሡ፤ ጀልባው ሚዛኑን ያጣል። እግርዎ ሥር የተከመረውን ክር አይርገጡ፤ ዓሣው ሲሮጥ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ጋይዱ ሜንድ ሲል ሜንድ፣ አንሳ ሲል ወዲያው ያንሱ። ምልክቱን ከእርስዎ ቀድሞ ያየዋል፤ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁ ዓሣው ተፍቶ ሄዷል።

በየቆሙበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ለምን እዚህ? መልሱን በቃል ብቻ ሳይይዙ በትንሽ ደብተር ይጻፉት፣ የውኃውን ሙቀት፣ የዝንቧን ስምና መጠን፣ የክብደቱን ልክ ጨምረው። የመጨረሻውን ሰዓት ደግሞ ጋይዱን ዝም እንዲል ይለምኑት። ቦታውን እርስዎ ይምረጡ፣ ዝንቧን እርስዎ ይሰሩ፣ እርሱ ሲሳሳቱ ብቻ ያርምዎት። በዚያች ሰዓት የሚያዘው ዓሣ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ብቻዎን ሲወጡ ግን በእጅዎ የሚቀረው የዚያች ሰዓት ትምህርት ነው።

ከወንዝ ሲወጡ ጫማና ዌደሩን ከጭቃና ከቅጠል አጥበው ፈጽሞ እስኪደርቁ ያሰጡ፤ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው በሽታና አረም የሚያሻግረው እርጥብ ዕቃ ነው። የፌልት ሶል (ሶሉ ከተጠቀጠቀ ጨርቅ የተሠራ) ጫማ እርጥበት ስለሚይዝ በአንዳንድ ቦታ ተከልክሏል፣ ከመጓዝዎ በፊት ያረጋግጡ። ክሩን ለስላሳ ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውኃና በጨርቅ ያብሱት፤ የቆሸሸ ክር መንሳፈፉን ትቶ ጫፉ ይሰምጣል፣ የሰመጠ ጫፍ ደግሞ ለሜንድ አይነሣም። ዘንጉን እርጥብ እንዳለ ማቀፊያው ውስጥ አይዝጉት፣ የዝንቦቹንም ሣጥን ሌሊቱን ክፍት አድርገው ያሳድሩ፤ አንዲት እርጥብ ዝንብ የጎረቤቶቿን መንጠቆ ሁሉ ታዝጋለች።